ልጁ ስልኩ ውስጥ የት ነው የሚውለው?

በልጅነቱ ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ የለም። አንዷ እናት ትሆናለች፣ አንዱ አባት፣ ሌላው እንግዳ። ጭቃው እንጀራ ነው፣ ቆርኪው ሰሃን፣ የዛፍ ቅጠሉ ገንዘብ። እናት የሆነችው «ግቡ፣ ቡና ደርሷል» ስትል እንግዳው ጫማውን አራግፎ ይገባል። ጭቃው እንጀራ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሁሉም ድርሻውን በቁም ነገር ይወጣል።

ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚውሉባቸው ጌሞች አንዱ ዓይነት፣ ገልጠን ስናየው፣ የዚያው የዕቃ ዕቃ ዘመድ ነው። ልጁ ለራሱ ስም ያወጣል፣ መልክና ልብስ ይመርጣል፣ ከዚያም ተረት በመሰለ ሀገር ውስጥ ዛፍ እየቆረጠ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ጭራቅ እየተዋጋ ይኖራል። ከእኛ ጊዜ የሚለየው ግቢው ማለቂያ የሌለው መሆኑና አጠገቡ የሚያልፈው ሰው እውነተኛ መሆኑ ነው። ያ ሰው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ ባሕር ማዶ ያለ ጎልማሳም ሊሆን ይችላል።

ለእኔ ቢጤ አያቶችና ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ነው። ጌሙን ከመከልከላችሁም ሆነ ከመፍቀዳችሁ በፊት፣ አንድ ሳምንት እናንተው ጀማሪ ሆናችሁ ግቡበት። ከውጭ ሆኖ የሚታየው የልጁ ማጅራት ብቻ ነው። ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን እንደሚለፋ፣ ምን እንደሚያሰጋው የሚታየው ከውስጥ ነው።

የካዛንቺስ ልጆች

እኔ የገባሁት የቤታችን ጉዳይ አስገድዶኝ ነው። የልጅ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ይጠብቀዋል። ተወልዶ ያደገው ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ስም የመጣው ከጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት «ካዜ ኢንቺስ» የተባለው በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ጎረቤት በየአቅጣጫው ሄደ። እኛ ከክፍለ ከተማችን ሳንወጣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተከራየን። ከልጁ ጓደኞች አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ ሦስተኛው ዘመድ ጋ ሰሚት ገባ። ድሮ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የሚኬደው በባዶ እግር ነበር። አሁን ለመገናኘት ሁለት ሦስት ታክሲ፣ የደርሶ መልስ ሒሳብና የአራት ቤት ፈቃድ ይጠይቃል።

እናቱ፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ ሥራ ውላ ስትገባ የምታገኘው ስልክ ላይ የተደፋ ልጅ ነው። አንድ ማታ «ፈተናው እስኪያልፍ ስልኩን እቀማዋለሁ፤ አበቃ» አለች። የሒሳብ ውጤቱ ወርዷል፣ ጠዋት ለመነሳትም ይታገላል፤ ስጋቷ መሠረት አለው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ሳይመረመር መድኃኒት ሲታዘዝ አይሆንልኝም። «አንድ ሳምንት ስጪኝ፤ ምን እንደሚሠራ ልየው» አልኳት።

ልጁን «ይሄን ጌምህን አስጀምረኝ» ስለው መጀመሪያ ሳቀ። «እማማ፣ አንቺ?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ስልኬን ተቀብሎ ይጭንልኝ ጀመር። አያት ተማሪ፣ ልጅ አስተማሪ ሲሆን ቤት ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ። በዚያ ሳምንት ያወራኝ ካለፈው ዓመት ሙሉ ይበልጣል።

የመማሪያው ደሴት

ጌሙ ኦልድ ስኩል ረንስኬፕ ይባላል። የመጀመሪያው ረንስኬፕ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የእንግሊዝ ጨዋታ ነው፤ ኩባንያው ጃጌክስ መቀመጫው ካምብሪጅ ከተማ ነው። ጨዋታው እየዘመነ ሲመጣ «የድሮው ናፈቀን» የሚሉ ተጫዋቾች በዙ። ኩባንያው የ2007ቱ ቅጂ ተቀምጦለት ነበርና እ.ኤ.አ. በ2013 አውጥቶ የድሮውን ዓለም እንደነበረ ከፈተላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በስልክም ይሠራል። የልጅ ልጄ ይህን ታሪክ ሲነግረኝ «የእኛም ሰፈር ቅጂ ቢኖረው» ብሎ ዝም አለ።

ለመጀመር አካውንት ይከፈታል። ኩባንያው የሚቀበለው ከ13 ዓመት ጀምሮ ያለን ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ልጅ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ ስም ይመረጣል። ስሙ የልጁን ትክክለኛ ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የትውልድ ዓመቱን መያዝ የለበትም። የይለፍ ቃሉ ለሌላ ነገር ያልዋለ ይሁን፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቀውን መቆለፊያም ያን ጊዜውኑ አብሩት። መሠረታዊው ጨዋታ በነጻ ነው። በየወሩ የሚከፈልበት አባልነት አለ፤ ለጀማሪ ግን ነጻው ክፍል ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው የመማሪያ ደሴት ላይ ነው። እዚያ ያሉት መምህራን በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ላይ የሚወዛወዝ ቢጫ ቀስት ቀጣዩን ያመለክታል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መሬቱን አንዴ ስትነኩት ሰውየው ወደዚያ ይሄዳል፤ አንድ ነገር ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ብትቆዩ ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል ዝርዝር ይመጣል። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ የማያነብ አያት ልጁን አጠገቡ ያስቀምጥ።

የመጀመሪያዋ መምህር መረብ ሰጥታ ከኩሬው ሽሪምፕ ታስጠምዳለች። ከዚያ መጥረቢያና የእሳት ማስነሻ ትሰጣለች፤ ዛፍ ትቆርጣላችሁ፣ እሳት ታነዳላችሁ፣ ያጠመዳችሁትን ታበስላላችሁ። ቀጥሎ ያለው የወጥ ቤት አለቃ ዱቄትና ውኃ አስለውሶ ዳቦ ያስጋግራል። ወደ ዋሻው ስትወርዱ መዳብና ቆርቆሮ ቆፍራችሁ ታቀልጣላችሁ፤ ሁለቱ ሲዋሃዱ ነሐስ ይሆናሉ፣ ከነሐሱም ጩቤ ይሠራል። ይህ የተረት ነገር ብቻ አይደለም፣ ነሐስ በእውነትም ከመዳብና ከቆርቆሮ የሚገኝ ቅይጥ ነው። ከዚያ ከትልቅ አይጥ ጋር ውጊያ ይለመዳል፣ ባንክ ይታያል፣ በመጨረሻም አንዲት ምስኪን ዶሮ ላይ አስማት ይሞከራል።

የልጅ ልጄ እንዳለኝ ልጆች ይህን ሁሉ በሩብ ሰዓት ይጨርሱታል። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ እርሱም ስልኬን አንዴም ሳይነጥቀኝ ታግሶ አስጨረሰኝ። አትቸኩሉ፤ ከደሴቱ ከወጡ በኋላ ወደዚያ መመለስ የለም።

ወፍጮ ፍለጋ

ከደሴቱ የሚወጣው ሰው ላምብሪጅ በምትባል መንደር፣ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ራሱን ያገኛል። እዚህ መምህር የለም። ያዘዛችሁ የለም፣ የሚቆጣችሁም የለም። ብዙ ጀማሪ ግራ ተጋብቶ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

ምክሬ አጭር ነው፤ ቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ግቡ። አብሳዩ ጭንቅ ላይ ነው። የመስፍኑ ልደት ደርሷል፣ ለኬኩ እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት ጎድሎታል። እንቁላሉን ከዶሮ ቤት፣ ወተቱን ባልዲ ይዛችሁ ከላሟ ታመጣላችሁ። ዱቄቱ ነው ሥራ ያለው። ከእርሻው ስንዴ ታጭዳላችሁ፣ ይዛችሁት በነፋስ የሚሠራው ወፍጮ ላይኛው ፎቅ ትወጣላችሁ፣ ስንዴውን ጨምራችሁ ማንሻውን ትስባላችሁ፣ ከዚያ ምድር ቤት ወርዳችሁ ዱቄቱን በማሰሮ ትቀበላላችሁ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዞ ያደገ የእኛ ትውልድ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ልጁ ዱቄት ከሱቅ በፌስታል ሲመጣ እንጂ ሲፈጭ አላየም፤ «ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ እናቴ ወፍጮ ስነግረው ጌሙ ተረስቶ አመሸን።

ጀማሪ ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ከረጢቱ የሚይዘው 28 ዕቃ ነው፤ የተረፈውን ባንክ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ውጊያ ከመሄዳችሁ በፊት ምግብ ቋጥሩ፤ የተጎዳ ሰው የሚያገግመው ሲበላ ነው። ብትሞቱም ዓለም አያልቅም። ላምብሪጅ ትነሳላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውድ የሆኑ ሦስት ዕቃዎቻችሁ አብረዋችሁ ይመለሳሉ፣ ለቀሩት ደግሞ ወደ መቃብራችሁ ለመሮጥ 15 ደቂቃ ይሰጣችኋል። በስተ ሰሜን ያለውን ዋይልደርነስ የተባለ ምድረ በዳ ግን አትድፈሩ፤ እዚያ የሚገድላችሁ ጭራቁ ብቻ ሳይሆን ሌላው ተጫዋችም ጭምር ነው።

«አንድ ሌቭል ብቻ»

በዚህ ጌም እያንዳንዱ ሙያ ከ1 እስከ 99 ደረጃ አለው። ማብሰል፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ማዕድን ማውጣት፣ ሁሉም በየራሱ ያድጋል። ጀማሪ አብሳይ ምግብ ያሳርራል፤ ደረጃው ሲያድግ ማሳረሩ እየቀነሰ ይመጣል።

ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባው የደረጃዎቹን አወጣጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ በደቂቃዎች ይገኛሉ፤ ርችት ይፈነዳል፣ ዜማ ይሰማል፣ ደስ ይላል። ወደ ላይ ሲወጣ ግን እያንዳንዱ ደረጃ ከቀደመው የበለጠ ልፋት ይጠይቃል። 92ኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ሊጨርስ ሰባት የቀረው ይመስለዋል፤ እንደ ልፋቱ ሲቆጠር ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ልጁ «አንድ ሌቭል ብቻ» ሲላችሁ አይዋሻችሁም። ያ አንድ ሌቭል ግን ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ብዙ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገደብ በሌቭል አይቆረጥም፣ በሰዓት ነው።

ሌላም አለ። ይህ ዓለም ለብቻችን አይቆምልንም። ውጊያ መሃል ያለ ልጅ «ራት ቀርቧል» ሲባል ስልኩን ዝም ብሎ ቢያስቀምጠው ሰውየው ይሞትበታል። ንቀት የሚመስለን መዘግየት አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። እኛ ቤት አሁን ከአሥር ደቂቃ በፊት እንናገራለን፤ ጭቅጭቁ በግማሽ ቀንሷል።

አራቱ ልጆች ዛፍ ሥር

በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄ «ዛሬ እንግዳ አለሽ» አለኝ። ጌሙ ቁጥር የተሰጣቸው ብዙ ተመሳሳይ ዓለማት አሉት፤ ለመገናኘት አንዱን ቁጥር መምረጥ ያስፈልጋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የገላን ጉራው፣ የአራብሳውና የሰሚቱ ልጅ ላምብሪጅ አንድ ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁን። ጌሙ የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፤ የልጅ ልጄ እያነበበ ያሰማኝ ጀመር።

ዛፍ ይቆርጣሉ፣ ያወራሉ። ወሬያቸው ስለ ጭራቅ አልነበረም። አንዱ አዲሱ ትምህርት ቤቱ ገና እንዳልለመደለት ይናገራል። አንዱ የሒሳብ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ተሳስተው ይመልሱለታል። የገላን ጉራው ልጅ ኳስ ሜዳ ማግኘቱን ነግሮ «ኑ» ይላቸዋል። እኔ መሆኔን ሲሰሙ ሦስቱም እያከታተሉ ሰላምታ ላኩ፤ አንዱ ቤታችን በር ላይ የነበረውን ውሻ ጠየቀኝ። ድሮ ከቡና ቁርስ ቆሎዬን የሚዘግኑ ልጆች ናቸው። እናቱ ልትቀማው ያለችው ስልክ ውስጥ ይህም እንደነበረ ከውጭ ሆኖ ማን ያውቃል?

በዚያው ቀን ግን አንድ የማናውቀው ሰው መጥቶ አጠገባችን ቆመ። «ያላችሁን ሳንቲም ስጡኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» ይላል። መንገድ ላይ ሦስት ካርታ ዘርግቶ የሚያጫውት ሰው ያየ ይህን ያውቀዋል። ከአራቱ አንዱ ከዚህ በፊት የብዙ ቀን ልፋቱን በዚሁ መንገድ ተበልቷል። ለልጆች የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ግን ተደጋግሞ ይነገር።

የይለፍ ቃል ለጓደኛም አይሰጥም። ሳንቲም ወይም ዕቃ «ለአደራ» አይሰጥም። ዕቃ ስትለዋወጡ ጌሙ ሁለት ጊዜ ያረጋግጣል፤ ሁለተኛውን ገጽ ሳታነቡ እሺ አትበሉ። በማታውቁት ሰው የተላከ ማስፈንጠሪያ አይከፈትም። የጌሙን ሳንቲም በእውነተኛ ብር መግዛት በጌሙ ሕግ የተከለከለ ነው፤ «በቴሌብር ላክልኝና አባልነት ልግዛልህ» የሚል ያልታወቀ ሰው ከመጣም መልሱ እምቢ ነው። ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ፎቶ ወይም ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ካለ ልጁ ወዲያው ለትልቅ ሰው ይንገር። የቻቱን ማስተካከያ ከፍታችሁ ከጓደኛ በቀር እንዳይጽፍለት ማድረግ ይቻላል፤ የሚያስቸግረውን ሰው የማገድና የመክሰስ ቁልፍም አለ። ልጁ ሲነግራችሁ ግን ስልኩን ከነጠቃችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ጨዋታው መቼ ነው በሽታ የሚሆነው?

«ሱስ» የሚለውን ቃል በየቤቱ እንሰማለን። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም መታወክን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም ውስጥ አስገብቶታል፤ ምደባው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ልጁ መጀመሩንና ማቆሙን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳት እያየበትም ሲቀጥል ወይም ሲያብስ። ይህም ትምህርቱን፣ ቤተሰቡንና ማኅበራዊ ኑሮውን በግልጽ የሚያውክ፣ ብዙውን ጊዜም ለ12 ወራት ያህል የታየ መሆን አለበት። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ከሚጫወቱት መካከል ይህ የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ንዴት ልጅን «ሱሰኛ» አትበሉት። ሦስቱም ምልክቶች ካሉ ግን ቅጣት አይፈውሰውም፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዚያ አስፈላጊ ሲሆን እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ይመሩታል።

የእኛ ልጅ ችግር ሌላ ሆኖ አገኘሁት፤ እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ በመሆኑ አራቱም እኩለ ሌሊት ላይ እየተነሱ ይገቡ ነበር። ጠዋት አልነሳም ማለቱም፣ ሒሳቡ መውረዱም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዓይንን በተመለከተ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ያነሰ ነው፤ ዓይን የሚደርቀውና የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለን ነገር ማየት ያሳርፋል።

የተስማማንበት

ሳምንቱ ሲያልቅ እኔ፣ እናቱና እርሱ ቡና ላይ ተቀመጥን። ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ዛፍ ሥር ያለውንም፣ ሌሊቱንም። እናቱ ስለ አራቱ ልጆች ስትሰማ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ተደራደርን።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ብቻ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት። የቤት ሥራ ይቀድማል። የሌሊት ጥቅል አይገዛም፤ ስልኩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሳሎን፣ ከእኔ ስልክ ጎን ያድራል። እናቱ አንድ ነገር ጨመረች፦ በወር አንድ እሑድ አራቱ ልጆች በአካል ይገናኛሉ። አንድ ወር እኛ ቤት፣ አንድ ወር ገላን ጉራ ኳስ ሜዳው ላይ፣ እንዲህ እያሉ በየተራ። የታክሲውን ሒሳብ እኔ ችያለሁ። ለሦስቱ እናቶችም የደወለችው እርሷው ናት፤ ከሰፈር ከወጣን ወዲህ ከሁለቱ ጋር ስታወራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጁ አሁን ጠዋት ይነሳል። ሒሳቡ ገና ነው፤ ፈተናውም አልደረሰም። ሁለት ጊዜ ሰዓት አሳልፎ የቅዳሜውን ቀጥተነዋል፤ አኩርፎ ተመልሷል።

እናንተ ቤት ያለው ጌም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱም ስምምነቱም እንደየቤቱ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው። ዛሬ ማታ ልጁ አጠገብ ቁጭ በሉና «ይሄ ማነው? ይሄስ ቦታ የት ነው? እኔስ እንዴት ልግባ?» በሉት። መነጽራችሁን አትርሱ፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነው።